የቀበቶው መብራት

ይርዳው ቁልፉን አንድ ጊዜ ሲያዞር የዳሽቦርዱ መብራቶች በሙሉ ቦግ ይላሉ፣ ሁለተኛ ሲያዞር ግማሾቹ ይጠፋሉ፣ ሞተሩ አጉረምርሞ ሲነሳ ደግሞ የቀሩት እንደየአመላቸው ይሆናሉ፤ እሱም መሪውን በመዳፉ መታ መታ አድርጎ እስኪረጋጉ ይጠብቃል። የየማለዳው ሥርዓት ይሄ ነው። መኪናዋ ቀይ፣ ዝቅ ያለች፣ ባለ ሁለት በር የጣሊያን ስፖርት መኪና ናት፤ ዕድሜዋ ከእሱ ብዙም አያንስም፣ እውነቱን ለመናገርም ከጌጆቿ መካከል የሚታመን የለም። ግራ ፍሬቻ ሲያበራ የነዳጁ ቀስት ወደ ባዶው ይወርዳል። የፊት መብራት ሲያበራ ሙቀቱ ሽቅብ ይወጣል፣ ፍሬን ሲረግጥ የዘይቱ ይርገበገባል፣ ሰዓቱ ደግሞ ደስ ባለው ቀን ብቻ ይሠራል። ይርዳው ዕድሜውን ሙሉ ፋርማሲ ውስጥ ቆሞ የሐኪም ጽሕፈት ሲያነብ የኖረ ሰው ነውና እንዲህ ያለው ነገር አያስቸግረውም። "ሩብ ካለች ግማሽ ናት፣ ቀዩን ከነካች ገና ለብ ማለቷ ነው" እያለ ይተረጉማል፣ ጓደኞቹ ሲስቁበትም አብሮ ይስቃል።

ኤሌትሪሻኑ ኑሩ ነገሩን ሁሉ በአንድ ቃል ነው የሚዘጋው፤ ማሳ። ኤሌክትሪኩ ወደ ባትሪው የሚመለስበት ሽቦ ዝጓል፣ ስለዚህ የአንዱ ጌጅ ወሬ በሌላው በኩል ይወጣል። "ሁሉም ይዋሻሉ ጋሼ፣ ይቺ ብቻ ናት የማትዋሸው" ብሎ አንድ ቀን ጣቱን የቀሰረው በአንዲት ትንሽ ቀይ መብራት ላይ ነበር። የተሳፋሪው ቀበቶ መብራት ናት። ወንበሩ ውስጥ ክብደት የሚያውቅ ነገር አለ፤ ሰው ተቀምጦ ቀበቶ ካላሰረ ትበራለች። የቀበቶው መቆለፊያ ከተሰበረ ቆይቷል፣ መለዋወጫም አልተገኘለትም፣ እናም ወንበሩ ላይ ሰው እስካለ ድረስ መብራቷ አትጠፋም። አንድ ጀሪካን ውሃ ቢያስቀምጡበት እንኳ ትበራለች። የይርዳው ሚስት ትርሲት ግን አትወዳትም፤ "ቁጭ ባልኩ ቁጥር ዓይኗን የምታፈጥብኝ ጣውንቴ" ነው የምትላት።

ያን ዕለት የሚሄዱት ኮምቦልቻ ነበር። የትርሲት ታናሽ እህት ስንዱ ወልዳለችና አራስ ጥየቃ ነው። ትርሲት በአውቶቡስ ካልሆነ ብላ ስትሟገት ሰንብታ በመጨረሻ ተስማሙ፤ መኪናዋ በሰላም ካደረሰቻቸው ዳግመኛ ስለ እሷ ክፉ ላትናገር፣ መንገድ ላይ ከቆመችባቸው ግን ይርዳው ሊሸጣት። እሱ "እሺ" ያለው ደስ ብሎት አይደለም። ቢሆንም ትርሲት የቱን ያህል ብትጨቀጭቀው እሷን የሚያህል ነገር እንደሌለው ያውቃል፤ ልጅ አልወለዱም፣ እሱም እናቱን ከቀበረ ወዲህ ሌላ ዘመድ የለውም። እሷ ባትኖር ቤቱ ምን እንደሚመስል ማሰብ አይፈልግም፣ አስቦም አያውቅም።

ከደብረ ብርሃን ካለፉ በኋላ ጉሙ ጀመረ። መጀመሪያ ሜዳው ላይ ተኝቶ ነበር፣ ቀጥሎ አጥሩንና የባሕር ዛፉን ግንድ በላ፣ ወደ ጣርማ በር ሲቃረቡ ደግሞ መንገዱን ራሱን ወሰደው፣ ረፋድ መሆኑ ቀረና የመሸ መሰለ፤ ከኋላ ወንበር የተጫነው የቅቤ ባልዲ፣ አሮጌው ቆዳና ቤንዚኑ ተደባልቀው የመኪናዋን ጠባብ ሆድ ሞልተውታል፣ መጥረጊያዎቹም መስታወቱ ላይ ጨቅ ጨቅ ይላሉ። ይርዳው የፊት መብራት አበራ። የሙቀቱ ቀስት ወዲያው ቀዩን ነካ።

"ነክታለች" አለች ትርሲት።

"ውሸቷን ነው።"

"አንተ ሰውዬ፣ አንድ ቀን እውነቷን ትሆናለች።"

ሳቅ ለማለት ሞከረ። ዳሩ ግን ዛሬ ጌጆቹ እሱ በሚያውቀው መንገድ አልነበረም የሚዋሹት። ፍሬቻ ሳይነካ ነዳጁ ወረደ፣ ተመለሰ፣ ወረደ። የዘይቱ ቀስት ፍሬን ሳይረገጥ ይንቀጠቀጣል። ሰዓቱ ወደ ኋላ የዞረ መሰለው፣ ቢሆንም ዓይኔ ነው ብሎ ተወው። ለትርሲት ምንም አልነገራትም፤ ቢነግራት መሸነፉ ነው። እሷም ቀዩዋ መብራት ፊቷ ላይ እያበራች፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ በየኩርባው የሌለ ፍሬን በእግሯ እየረገጠች ተቀምጣለች።

መንገዱ ተራራውን ሰንጥቆ የሚያልፍበት ዋሻ ጋ ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው ሁሉም ቀስቶች አንድ ላይ ወደቁ። ሞተሩ ጠፋ፣ መብራቱ ጠፋ፣ መኪናዋ በራሷ ጉልበት ትንሽ ተንከባልላ ዳር ይዛ ቆመች። ይርዳው "ደቂቃ አይፈጅም" ብሎ ወረደ። ኮፈኑን ከፍቶ ራሱን ውስጥ ሲከት ጉሙ ከጀርባው ገጠመ፤ የሞተሩ ሙቀት ፊቱን፣ የጉሙ ውሃ ማጅራቱን ይነካዋል፣ ከዚያ ውጪ ዓለም የለችም። የማሳው ሽቦ ከባትሪው ላልቶ ነበር። በሴንጢ ፋቀው፣ አጠበቀው። በዚህ መሃል ትርሲት ከአጠገቡ ሆና የሆነ ነገር ነገረችው፤ እሱም ራሱን ሳያነሳ "እሺ፣ እሺ" አላት። ኮፈኑን ዘግቶ ሲገባ ነጠላዋን እንደተከናነበች ወንበሯ ላይ ነበረች።

ቁልፉን አዞረ። ሞተሩ በአንዴ ተነሳ፣ ቀስቶቹም አንድ በአንድ ወጥተው በየቦታቸው ቆሙ። ነዳጅ ግማሽ። ሙቀት መሃል። ዘይቱ ንቅንቅ አይልም፣ የፊት መብራት ቢበራ፣ ፍሬቻ ቢነካ፣ ፍሬን ቢረገጥ የሚያፈነግጥ የለም፣ ሰዓቱ እንኳ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ይርዳው ይህችን መኪና ከገዛት ጀምሮ እንዲህ ሆና አይቷት አያውቅም። ደስታው እንደ ልጅ አደረገው።

"አየሽልኝ?" አላት። "አየሽ የኔን ቆንጆ?"

"ጥሩ መኪና ናት" አለች።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ከዚህ የሚበልጥ ደስታ ባልነበረው። አሁን ግን ግር አለው፤ ትርሲት በቀላሉ እንዲህ አትልም። ካለችም አስከትላ የምትወረውረው አይጠፋም። ጠበቀ፣ ምንም አላከለችም። አኩርፋ ነው ብሎ መንገዱን ያይ ጀመር።

መጀመሪያ ያስተዋለው ሽታውን ነው። ቅቤው አይሸትም። ቤንዚኑም ቆዳውም አይሸትም፤ በምትኩ ፀሐይ አግኝቶ የማያውቅ ድንጋይ የሚሸተው እርጥብ፣ ቀዝቃዛ ሽታ ከግራ ቀኙ ሳይሆን ከአንድ ወገን፣ ከትርሲት ወገን፣ ቀስ እያለ ይመጣል። ከዚያ መስታወቱን አየ። እሱ በተነፈሰ ቁጥር ከፊቱ ያለው መስታወት ጤዛ ይለብሳል፣ በእጁ ይጠርገዋል፣ ተመልሶ ይለብሳል። በእሷ በኩል ያለው ጥርት ያለ ነው። መስኮቷን ከፍታ ይሆናል ብሎ በዓይኑ ጠርዝ አየ። ዝግ ነው።

አንድ የጭነት መኪና ከጉሙ ውስጥ ድንገት ወጥቶ በጎናቸው ሽው ብሎ አለፈ። ይርዳው ራሱ ክው አለ። የእሷ እግር ግን ወለሉን አልረገጠም፣ እጇም ከጭኗ አልተነሳም። ለማውራት ፈለገ፣ ስለ ስንዱ፣ ስለ ሕፃኑ፣ ስለ ምንም ይሁን፤ ግን ተወው።

ዋሻው ውስጥ ገቡ። የሞተሩ ድምፅ ከጥንቱ ድንጋይ እየተጋጨ ተመለሰ፣ ጨለማው መስኮቶቹን ሸፈነ፣ ጠብ ጠብ የሚለው ውሃ ጣሪያው ላይ ይሰማል፤ የሚታየው ከፊት ያለው ትንሽ የመብራት ክብና የዳሽቦርዱ አረንጓዴ ብርሃን ብቻ ነበር። ያን ጊዜ ነው አንድ ነገር የጎደለ የመሰለው። ቀስቶቹን አንድ በአንድ አየ፤ ሁሉም ልክ ናቸው። እንደገና አየ። ቀይ የሚባል መብራት የለም።

ማሳው ሲጠብቅ የቀበቶው መብራትም ዳነች አለ ለራሱ። የቀረውን ሁሉ ያስዋሸው ያ ሽቦ አይደል፣ እሷንም ያበራት እሱ ይሆናል። ለአንድ አፍታ ያህል አመነው። ከዚያ የኑሩ ጣት ትዝ አለው፣ የውሃው ጀሪካን ትዝ አለው። በወንበሮቹ መካከል ዝቅ ብሎ ተመለከተ፤ ቀበቶው እንዳልታሰረ ነው፣ የተሰበረው መቆለፊያም እንደተሰበረ። ሰው ቢቀመጥ ኖሮ መብራቷ መብራት ነበረባት። ዛሬ ጌጆቹ ሁሉ እውነት ይናገራሉ፣ መብራቷም እንደ ወትሮዋ እውነት ትናገራለች፣ የምትለውም ወንበሩ ባዶ መሆኑን ነው።

ይርዳው ፈራ። መሪውን የያዙት ጣቶቹ የሌላ ሰው መሰሉት። ወደ ጎኑ አላየም። የነጠላው ጠርዝ ነጭ ሆኖ በዓይኑ ዳር ይታየዋል፣ ከነጠላው በላይ ያለውን ግን ማየት አልቻለም፣ አልፈለገም። በልጅነቱ የለመዳትን ጸሎት በውስጡ ጀመረና መሃል ላይ ጠፋችበት። የመውጫው ብርሃን እያደገ መጣ፣ ከዋሻው ወጡ፣ ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ ደረሱ፣ ስልኩም ደረት ኪሱ ውስጥ ጮኸ።

አውጥቶ አየው። ትርሲት ይላል።

"አንሳው" አለችው አጠገቡ ያለችው፣ በትርሲት ድምፅ።

መኪናዋን ዳር አስይዞ አነሳው።

"አንተ፣ ጥለኸኝ ትሄዳለህ?" አለ ስልኩ። ንፋስ ይሰማል፣ ከንፋሱ ጀርባ ልቅሶ የሚተናነቃት ሚስቱ። "ሽንቴን ልሸና ብዬ ነግሬህ፣ 'እሺ' ብለኸኝ፣ ስመለስ መኪናው የለም። ለመኪናህ ስትል ሚስትህን ረሳህ አይደል? እዚህ ጉም ውስጥ የማየው ነገር የለም፣ ሰው የለም፣ እየፈራሁ ነው።"

ትርሲት ነበረች። እንዲህ የምትቆጣ በዓለም ላይ እሷ ብቻ ናት፣ እሱም ይህን ሲሰማ እንባው መጣ።

"ስሚኝ" አላት፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ካለሽበት እንዳትነቃነቂ። እየመጣሁ ነው።"

በሩን ከፍቶ መሮጥ አሰበ። በእግሩ ግን ዋሻውን ሁሉ አቋርጦ እስኪደርስ ትርሲት ብቻዋን ነች፤ ወደ እሷ ቶሎ የሚያደርሰው ይህቺው መኪና ናት፣ አብራው ያለችው ምንም ትሁን ምን። ስልኩን በትከሻውና በጆሮው መካከል ይዞ መሪውን ጠመዘዘ። ከዋሻው የጭነት መኪና ወጣ፣ ተከትሎት ሌላ፣ ተሳቢዎቻቸው ጠባቡን መንገድ ዘግተው እየተንቀራፈፉ ያልፋሉ፣ እሱም ግማሽ ዞሮ አፍንጫው ከገደሉ፣ ጀርባው ከተራራው ሆኖ ቆመ። ክላክስ ነካ። ማንም ከቁብ አልቆጠረውም። አጠገቡ ያለችው አትተነፍስም፣ የነጠላው ጠርዝ ግን በጣም በዝግታ ወደ እሱ መዞር ጀምሯል።

"ይርዳው፣ አለህ?"

"አለሁ። አለሁልሽ። አውሪኝ፣ ዝም አትበይ።"

"በቃ ተወው፣ መብራትህን አየሁት" አለች። ድምፏ ወዲያው ቀለለ። "ደርሰሃል እኮ። በል ዝጋው፣ ካርዴን አታስጨርሰኝ።"

"የማንን መብራት?"

"ያንተን ነዋ። ቀይ መኪና ስንት አለ በዚህ አገር? ይኸው አንተም፣ እጅህን እያወዛወዝክልኝ።"

"ትርሲት፣ እኔ አይደለሁም። እኔ ዋሻውን አልፌያለሁ። እንዳትገቢ። የፈለገው ቢጠራሽ እንዳትገቢ፣ ሩጪ፣ ወደ ሜዳው ሩጪ።"

ስልኩን ከጆሮዋ አውርዳዋለች፣ አልዘጋችውም፤ የልብሷ ሽክሽክታ፣ ጠጠር ላይ የሚራመድ ጫማዋ፣ ከሩቅ "ደግ አደረግህ፣ ተመለስክልኝ" የሚል ሳቅ ያለበት ድምጿ ይሰማዋል። እሱ ስሟን ይጠራል፣ ደግሞ ይጠራል። የመኪና በር ሲከፈት ሰማ፣ ሲዘጋ ሰማ፣ ነፋሱ በአንዴ ጸጥ አለ። ከዚያ በስልኩ ውስጥ፣ በጸጥታው መሃል፣ የራሱ የይርዳው ድምፅ "በረደሽ እንዴ?" ብሎ በርኅራኄ ሲጠይቃት ሰማ።