ማንም የለኝም

አስተርጓሚዋ ፍቅሯን ከእናቷ በቀር ለማንም ትንፍሽ አላለችም። የኮሌጁ የውጭ ትምህርት ቢሮ ቢሰማ ለምትወደው የኤሌክትሪክ መምህር ሌላ አስተርጓሚ ነበር የሚመድብለት። የእሱን ቃል ደግሞ ለሌላ አፍ አደራ መስጠት አልሆነላትም።

የተዋወቁት ከሁለት ዓመት በፊት ነው። ተማሪዎቹን ለሰፊው ዓለም እንዲያዘጋጅ፣ አንድ መምህር ውጭ አገር ሄዶ አንድ ዓመት ይማር ተብሎ፣ እሷ ወዳለችበት ቢሮ ቅጽ ሊሞላ መጣ። ቋንቋውን እዚያው ያስተምሩታል። የፎቶው ቦታ ላይ ፊርማውን አሳርፎ ቁጭ አለ።

«የኔ ጌታ፣ ፊትህ የታለ?» አለችው።

«ፊቴንማ እያየሽው አይደል!»

ሳቀች። በቃ፣ አለቀላት!

ያን ዓመት ቃለ መጠይቁን ወደቀ። በሁለተኛው ዓመት ምሳ ሰዓት በደረሰ ቁጥር ባዶ ክፍል ፈልጋ ታለማምደው ጀመር። የምሳዋን ግማሽ ታካፍለዋለች፤ እሱ ይበላል፣ እሷ ትጠይቃለች። እናቷ «ይሄ ሰው እኛ ቤት የሚመጣው መቼ ነው?» ሲሏት፣ «ይለፍ እንጂ እማዬ» ትላለች። እሱም «ባለፍኩ ማግስት እናትሽ ፊት እቆማለሁ» ብሎ ምሎላታል።

ቀኑ ደረሰ። ጠያቂዋ፣ ፀጉራቸው የሸበተ ሴት፣ ከባሕር ማዶ በኮምፒውተር ብቅ አሉ። ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ማስተርጎም ደንብ አለው፤ ተናጋሪው «እኔ» ካለ አስተርጓሚዋም «እኔ» ትላለች፣ አትጨምርም፣ አትቀንስም። በአምስት ዓመት ሥራዋ አንዲት ቃል አጉድላ አታውቅም።

ሁሉም ሸጋ ሆኖ ሄደ። መጨረሻ ላይ ጠያቂዋ «ትተኸው የምትመጣ የቅርብ ሰው አለህ?» አሉ። ተረጎመችለትና ዓይኑን አየች።

ባልደረቦቹ «ፍቅረኛ አለኝ ያለ አይወሰድም፤ ናፍቆት ያቋርጠዋል ብለው ይፈራሉ» ብለውታል። ይህን ግን አልነገራትም።

«ማንም የለኝም» አለ። እዚያ ላይ ቢያቆም ምን ነበረበት! «አንዲት ልጅ ነበረች፤ ጊዜ ማሳለፊያ ናት እንጂ ልቤ ውስጥ የለችም።»

 ዓይኗን ከእሱ ላይ ነቀለች።

«ማንም የለኝም» አለች በባዕዱ ቋንቋ፣ በገዛ አፏ። «ጊዜ ማሳለፊያ ናት» የሚለውንም አልዘለለችውም። ድምጿ እንኳ አልተንቀጠቀጠም።

ጠያቂዋ ቅር አላቸው። «ያሳዝናል። ዘንድሮ የሚያልፈው መምህር እጮኛውን ይዞ እንዲመጣ፣ ለእሷም የትምህርት ቦታ አዘጋጅተን ነበር። ብቸኝነት ብዙዎችን ስለመለሰብን ነው። ለማንኛውም አልፈሃል፤ ብቻህን ትመጣለህ።»

ይህንንም ቃል በቃል ነገረችው።

የመምህሩ ፊት አመድ መሰለ። «እንዴ! ቆይ፣ ቆይ! አለችኝ በያቸው! ፈርቼ ነው በያቸው! ይቺው አጠገቤ ያለችው ናት፣ ላገባት ነው በያቸው! በእናትሽ፣ የኔ ቆንጆ!»

«ምን አለ?» አሉ ጠያቂዋ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ያቺ ባዶ ክፍል ትዝ አለቻት፤ ማታ በር ከፍተው «እህስ?» የሚሏት እናቷም ትዝ አሏት። ወደ ኮምፒውተሩ ዞረች።

«በጣም አመሰግናለሁ» አለች። «ብቻዬን እመጣለሁ።»

ጠያቂዋ ፈገግ ብለው ጻፉ። ቋንቋውን የማያውቀው መምህርም ፈገግታቸውን ሲያይ እፎይ አለና፣ በጠረጴዛው ሥር እጇን ፈልጎ ጥብቅ አድርጎ ያዛት።