አሥራ ሁለት ቮልት

ገብረኣብ የሞተው አውሮፕላኑ ውስጥ ነው። አውሮፕላኑ ግን ጎሮ ካለው ግቢው፣ ከቆርቆሮ ጥላው ሥር፣ አንድ ስንዝር እንኳ ተነሥቶ አያውቅም። ጡረታ ከወጣ ጀምሮ ስድስት ዓመት በእጁ የገጣጠመው ባለ አንድ መቀመጫ ነው። ነገ ተቆጣጣሪዎች ሊያዩለት ቀጠሮ ነበረው። ዛሬ ከሰዓት ፖሊስ ቀደማቸው።

ኢንስፔክተር ሉዋም ስትደርስ ሬሳው ተነሥቷል። ኤሌክትሪሻኑ ኤርሳዶ በካቴና ታስሮ አጥር ሥር ተቀምጧል። የሟች ሚስት የሺአረግ በጣቷ ትጠቁመዋለች።

«እሱ ነው! የአውሮፕላኑን ሽቦ የዘረጋው እሱ ነው። ጠዋት ሲጨቃጨቁ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። የገደለው ሰው ሳይታሰር አልቀብረውም!»

ሉዋም አንገቷን ወደ አብራሪው ክፍል አስገባች። ማብሪያዎቹ በሰልፍ ተደርድረዋል፤ በእያንዳንዱ ሥር የሟች የእጅ ጽሑፍ አለ። መቀመጫው ላይ ጆሮ የሚደፍን የአብራሪ ማዳመጫ፣ አጠገቡ ገመዱ የተቆረጠ የእጅ መብራት። ባትሪው ገና አልተገጠመም፤ ከነካርቶኑ መሬት ላይ ነው።

«ስንት ቮልት ነው?»

«አሥራ ሁለት» አለ ኤርሳዶ። «እሱ የሚገድል ቢሆን የዚህ ከተማ መካኒክ ሁሉ አልቆ ነበር።»

«ሬሳው ግን ከንፈሩና የግራ እጁ ጣቶች ተቃጥለዋል። በምን ነበር የተጨቃጨቃችሁት?»

«በዚያ የእጅ መብራት። ‹ገመዱ አርጅቷል፣ ይጣሉት› አልኳቸው፤ ‹ቆርጬ እቀጥለዋለሁ› አሉ። ‹እንግዲያው ከግድግዳው ይንቀሉት› ስላቸው ሳቁብኝ። ‹መብራት ከጠዋት ጀምሮ የለ፤ ምኑን ነው የምነቅለው?› አሉኝ። ተናድጄ ወደ መገናኛ ሄድኩ።»

መብራት አሁንም አልመጣም። ሉዋም ደውላ አጣራች፤ መስመሩ ከጠዋት ጀምሮ ጠፍቷል፣ ለአፍታም አልተመለሰም።

«እንግዲህ እግዜር ነው የገደለው» አለ አብሯት የመጣው ፖሊስ፣ መዝገቡን ለመዝጋት እየተዘጋጀ።

ሉዋም ውሃ ልጠጣ ብላ ወደ ቤት ገባች። በሩ ላይ ነጭ ሸሚዝ ተሰቅሏል፤ የእጅጌው መስመር ጣት ይቆርጣል። ከበሩ ጀርባ፣ ሚስማር ላይ፣ የተጠቀለለ ረጅም ገመድ አለ። በአንዱም ጫፍ ይሰካል፣ በሌላውም ጫፍ ይሰካል።

ውሃውን ሳትጠጣ ወጣች። ሁሉንም ጥላው ሥር ሰበሰበች፤ የሟችን ጎረቤት ሀቢባንም በአጥር ጠራቻት።

«ሀቢባ፣ እናንተ ቤት መብራት አለ?»

«አለ፤ የኛ በሌላ መስመር ነው። የነሱ ሲጠፋ እኛ እናቀብላለን፣ የኛ ሲጠፋ እነሱ። ዛሬም እትዬ የሺ ገመዷን ስትሰጠኝ ሰካሁላት። ኧረ ምን አጠፋሁ?»

«ምንም። ወይዘሮ የሺአረግ፣ መብራት በሌለበት ቤት በካውያ የተተኮሰ ሸሚዝ አየሁ።»

«ለነገ ነዋ! በተጨማደደ ሸሚዝ እንግዳ ሊቀበል?»

«ሌላውን ጫፍ የት ሰኩት?»

«ሳሎን፣ ግድግዳው ላይ። ቆጣሪው ጋ ያለውን ዋና ማጥፊያ ግን መጀመሪያ አጥፍቻለሁ! ገመዱን የሠራልኝም፣ አጠፋፉን ያስተማረኝም ራሱ ገብረኣብ ነው።»

«በትክክል አጥፍተዋል» አለች ሉዋም፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ስለዚህ የሀቢባ መብራት ወደ መንገዱ አልወጣም። ቤቱን ሞላ፤ እዚህ ጥላ ድረስ መጣ። የእጅ መብራቱ ከግድግዳው አልተነቀለም ነበር። ጋሽ ገብረኣብ አንዱን ሽቦ በግራ እጃቸው ይዘው፣ ሌላውን በጥርሳቸው እየላጡ ነበር።»

የሺአረግ ሸሚዙን በር ላይ አየችው።

«ጮኼ ነግሬዋለሁ» አለች። «ሁሌ ‹ላበራ ነው!› እለዋለሁ። ካልተመቸው ‹ቆይ!› ይላል። ቆይ አላለኝም እኮ።»

ሉዋም የጆሮ ማዳመጫውን አነሣች። ኤርሳዶ አንገቱን ደፋ።

«ሲሠሩም ከምንም ጋር ሳይገናኝ ያደርጉት ነበር። ‹ከአሁኑ ልልመደው› ይሉ ነበር።»

ፖሊሱ የኤርሳዶን ካቴና ፈታ። የሺአረግ ሁለት እጇን ዘረጋችለት። ፖሊሱ ሉዋምን አየ፤ ሉዋም መሬቱን አየች። እጆቹ እንደተዘረጉ ቆዩ፣ ሀቢባ መጥታ በነጠላዋ እስክትሸፍናቸው ድረስ።

ኤርሳዶ አንጓውን እያሸ ወደ ግድግዳው ሄደ። የእጅ መብራቱን ገመድ ነቀለ።

«ነቅያለሁ!» አለ ጮክ ብሎ፣ እንደ ልማዱ፤ ወደ አውሮፕላኑም ዞሮ መልስ ጠበቀ።