ያለ ላይት የተቀረጸው ምርቃት

ጋሽ ገሠሠ የዓይናቸውን ሞራ ለማስገፈፍ ተራ የደረሳቸው የትልቋ ልጃቸው የሚካል ሠርግ ደጃፍ ላይ ሲደርስ ነበር። «የሕክምናውን ቀን ያሳልፉት» ቢሏቸው አሻፈረኝ አሉ። የጥሪው ካርድ ደግሞ ተበትኗል። ሐኪሙ አንዱን ዓይናቸውን አክሞ ሸፈነና፣ ኃይለኛ ብርሃን አጠገባቸው እንዳይደርስ አስጠነቀቀ። በሌላኛው ዓይናቸው የሚያዩት ጥላ ብቻ ነው። ስለዚህ ልጃቸው ስትዳር የሚያዩት በኋላ፣ ሲሻላቸው፣ በካሴት ነው።

ችግሩ ጥር 1990 ላይ ቪዲዮ የሌለው ሠርግ ሠርግ አለመባሉ፣ ላይት የሌለው ቪዲዮም ቪዲዮ አለመባሉ ነው። ያ ሙሽራን የሚያስለቅሰው፣ አማትን በላብ የሚያጠምቀው ላይት የጋሽ ገሠሠን የመካኒሳ ቤት ደጃፍ እንዳይረግጥ ተከለከለ። ምርቃቱ ግን የሚፈጸመው መጋረጃው ተዘግቶ በሚውለው ሳሎን ውስጥ ነው። ያለ ላይት የሚቀርጽ ካሜራ ይፈለግ ተባለ። የልጆቹ እናት በሕይወት ስለሌሉ የቤቱ ጣጣ ሁሉ የሚወድቀው በታናሿ በትሩፋት ላይ ነው፤ ይሄም ወደቀባት። ጎፋ ማዞሪያ ቪዲዮ ቤት ላለው ለሚሳኤል ስልክ ደወለች።

ሚሳኤል በማግስቱ ከሰዓት ሁለት ካሜራ ይዞ መጣ።

«አንዱ ይሄ ነው» አለ፣ በትከሻው ተሸክሞ ያመጣውን ግዙፍ ካሜራ ወንበር ላይ እያሳረፈ። «አርጅቷል። ሌላዋ ደግሞ ይቺ ናት።» ከኮቱ ኪስ መዳፍ የምታህል ካሜራ አወጣ። «ከዱባይ ነው ያስመጣኋት። በሻማ ብርሃን ትቀርጻለች ይላል ካርቶኗ።»

«ካርቶን ምን የማይለው አለ!» አለች ትሩፋት።

ሚሳኤል ሳቀ። ጋሽ ገሠሠ ሶፋው ላይ እንደተቀመጡ፣ «ሙሽራዋ የምትንበረከከው እዚህ፣ ከእግሬ ሥር ነው» አሉት። «ነይ ልጄ፣ አሳዪው እስቲ።»

ትሩፋት ነጠላዋን ተከናንባ ተንበረከከች። እውነተኛዋ ሙሽራ ሚካል በዚያ ሰዓት ቬሎ ልትለካ ፒያሳ ሄዳለች። ይህን ለካሜራ ሠራተኛ መንገር ያስፈልጋል ብሎ ያሰበ ሰው በቤቱ አልነበረም። ሚሳኤልም የሚያያት ልጅ ሙሽራዋ እንደሆነች አልተጠራጠረም።

መጀመሪያ በትንሿ ቀረጻት። ቀጥሎ አሮጌውን ተሸከመና ዓይኑን ማያው ላይ ለጥፎ ሌንሱን በእጁ ያሽከረክር ጀመር።

«ቀና በይ። ወደ እኔ... አይ፣ ወደ አባትሽ እዪ።»

አየች። ሚሳኤል ሌንሱን ማሽከርከሩን አቆመ። ዓይኑን ግን ከማያው አልነቀለም።

«ጨረስክ?»

«ትንሽ ቆዪ።»

«ጉልበቴ ደነዘዘ እኮ!»

«በቃ፣ በቃ፣ ተነሺ» አለና ፊቱ ቀላ።

ሁለቱን ካሴቶች በቴሌቪዥኑ አብረው ተመለከቷቸው። ትንሿ ካሜራ የትሩፋትን ፊት ሰማያዊ አድርጋዋለች፤ ጉንጯ ላይ ጉንዳን የሚርመሰመስ ይመስላል።

«ይቺ እኔ ነኝ? አስታማሚ የሚያስፈልገኝ አስመሰለችኝ!»

የአሮጌው ምስል ጨለም ያለ ነው። ጥጋጥጉ አይታይም። ፊቷ ግን ፊት ነው፤ ሽፋሽፍቷ፣ ፀጉሯ ላይ ያረፉት የአባቷ ጣቶች፣ ሁሉም ይታያሉ። ትሩፋት ራሷን እንደዚያ አይታ አታውቅም።

«ይሄኛው ይሁን» አለች ቀስ ብላ። «ግን አሮጌው እንዴት በለጠ?»

«ሌንሱ ሰፊ ነው፤ ያለችውን ትንሽ ብርሃን ሰብስቦ ያስገባል። ትንሿ ብርሃን ሲያንሳት ያላየችውን ከራሷ እየፈጠረች ትሞላለች።»

«አዲሷ ብታሸንፍልህ ደስ ይልህ ነበር፣ አይደል?»

«ያለኝን ሁሉ ያፈሰስኩት እሷ ላይ ነዋ!»

«ታዲያ ለምን እውነቱን ነገርከኝ?»

ሚሳኤል አያት። የሚመልሰው ነበረው። ግን የሰው ሙሽራ ናት። ገመዶቹን ጠቀለለ፤ ያቀረበችለትን ሻይ ሳይቀምስ «እቸኩላለሁ» ብሎ ወጣ። ትሩፋት ብርጭቆውን ይዛ በሩ ላይ ቀረች። ወዳዋለች፤ ምን እንዳስቀየመችው ግን ሊገባት አልቻለም።

ሠርጉ ሲቃረብ የሚሳኤል የሥራ ባልደረባ ዱጉማ ደወለ። ሚሳኤል አይመቸውም፣ እኔ ትንሿን ይዤ እመጣለሁ አለ። የአሮጌው ካሜራ አመል የሚታወቀው ለሚሳኤል ብቻ ነው። ትሩፋት ስልኩን ዘግታ በቀጥታ ታክሲ ተሳፈረች።

«አባቴ ሠርጉን የሚያየው በካሴት ነው። ይህን ታውቃለህ» አለችው ቪዲዮ ቤቱ በር ላይ ቆማ።

«አውቃለሁ።»

«እኔ አስቀይሜህ ከሆነ ንገረኝ። አባቴ ግን ምን አደረገህ?»

ሚሳኤል አንገቱን ደፋ። የወደዳትን ሴት ለሌላ ሲድሯት መቅረጽ ምን የሚሉት እንጀራ ነው? እምቢ ሊላት ግን አልቻለም።

«አላስቀየምሽኝም። እመጣለሁ።»

በሠርጉ ቀን ዱጉማ ደጅ ፀሐይ ላይ ሙሽሮቹን በትንሿ ካሜራ ሲቀርጽ፣ ሚሳኤል አሮጌውን ተሸክሞ ጨለም ባለው ሳሎን ጥግ ጠበቀ። በሩ ተከፈተ። ሙሽራው ገባ፤ ቬሎ የለበሰችውም ገብታ ከጋሽ ገሠሠ እግር ሥር ተንበረከከች። ሚሳኤል ሌንሱን አስተካከለ። የሙሽራዋ ፊት ሌላ ነው! ካሜራው ተበላሸ እንዴ ብሎ ዓይኑን ከማያው ነቀለ። አልተበላሸም። ትሩፋት ከሙሽራዋ ኋላ የቬሎውን ጫፍ ይዛ ቆማለች፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

ጋሽ ገሠሠ «ውለዱ፣ ክበዱ፣ ፍቅራችሁን ያጽናላችሁ» ይላሉ፤ ሰው ሁሉ አሜን ይላል። ካሜራው ግን ሙሽራዋን ትቶ ትሩፋት ላይ ቀረ።

ሲያበቃ ሚሳኤል ወደ ግቢው ተከትሏት ወጣ። «ሙሽራዋ አንቺ አይደለሽማ!»

«እኔ? ማነው የዳረኝ?»

«አባትሽ ናቸው! ተንበርከኪ ያሉሽ ቀን...»

ትሩፋት አፏን በእጇ ይዛ ሳቀች። «በዚህ ነው እንደዚያ ፊትህን አጥቁረህ የሄድከው?» ከዚያ በላይ አላወሩም፤ «ትሩፋት! ሚዜዎቹ ውሃ አጡ!» የሚል ድምፅ ከድንኳኑ ጠራት።

ቪዲዮ ቤቱ ተመልሰው ካሴቱን ሲያዩት ዱጉማ ራሱን ያዘ። «አንተ ሰው፣ ምርቃቱ ላይ ሙሽራ የለችም እኮ! ድምፁን ተወውና በላዩ ላይ የአበባ ምስል ለጥፍበት።»

ሚሳኤል ጣቱን ማሽኑ ላይ አድርጎ ብዙ አሰበ። ቢተወው፣ ሰው ቤት ገብቶ የሰው ልጅ ላይ ማፍጠጡ ለቤተሰቡ ሁሉ ይታያል፤ ደጃቸውን እንዳይረግጥ ሊሉት፣ ትሩፋትን እስከ መጨረሻው ሊያጣት ይችላል።

«ጋሽ ገሠሠ የታከሙት አበባ ለማየት አይደለም» አለና ጣቱን አነሳ።

ጋሽ ገሠሠ የዓይናቸው መሸፈኛ ተፈትቶ መነጽር ያደረጉ ሰሞን ቤተሰቡ ሳሎን ተሰበሰበ። ሚሳኤል ካሴቱን ራሱ አምጥቶ ከተተና በሩ አጠገብ ተቀመጠ። ጋሽ ገሠሠ ወንበራቸውን ወደ ቴሌቪዥኑ አስጠጉ። ምርቃቱ ደረሰ። ሚካል ተንበረከከች፣ ታየች፣ ጠፋች። ትሩፋት ብቻ ቀረች።

«እኔ የት ሄድኩ?» አለች ሚካል።

ምርቃቱ ይቀጥላል፤ የትሩፋት ፊት ከነእንባው አይንቀሳቀስም። ትሩፋት ነጠላዋ ውስጥ ተሸሸገች። አሜን ተብሎ አለቀ።

«መልሰው» አሉ ጋሽ ገሠሠ።

ሚሳኤል ተነሥቶ መለሰው። ጋሽ ገሠሠ እንደገና እስከ መጨረሻው አዩና መነጽራቸውን አወለቁ።

«ሚካልዬ፣ አንቺን ደጅ ጠግበው ቀርጸውሻል፤ ይቅር በይው። አንተ ልጅ፣ አባት አለህ?»

«አለኝ፣ ጋሽ ገሠሠ። ላፍቶ ነው የሚኖረው።»

«ደህና። ይህን ያህል ያየሃትን ልጅ ከእንግዲህ ካሜራ ጀርባ ተሸሽገህ አታያትም። ለአባትህ ንገረው። ሽማግሌ ይዞ ይምጣ፤ እሑድ ቤት ነኝ።»

ትሩፋት ነጠላዋን ከፊቷ ገለጠችና ሚሳኤልን አየችው። አባቷ፣ እህቷ፣ የእህቷ ባል ሁሉም ያዩዋታል። ዓይኗን አልሰበረችም።