የሣር ሰሞን እንባ

«ይማርሽ!» አሉ ከኋላ ወንበር ያሉት ልጆች በአንድ ድምፅ።

የምሥራች «ያኑራችሁ» ልትል አፏን ስትከፍት ሌላ ማስነጠስ ቀደማት። ከዚያም ሌላ። መምህር ቢሻው ጠመኔያቸውን ከሰሌዳው ሳያነሡ ቆመው ጠበቋት።

«ቲቸር፣ እኔ የዛሬውንም የነገውንም ጠቅልዬ ይማርሽ ብያታለሁ» አለ ናታን። «ከዚህ በኋላ ያለው አይመለከተኝም።»

ክፍሉ ሳቀ። የምሥራችም ለመሳቅ ሞከረች፤ አፍንጫዋ ስለተደፈነ ግን የወጣው ድምፅ ሳቅ አይመስልም ነበር። በእጇ የጨበጠችው ሶፍት ረጥቦ ተበጣጥሷል። ዓይኖቿ በርበሬ መስለዋል። እንባዋ ደብተሯ ላይ ተንጠባጥቦ ከጻፈችው ግማሹን አደብዝዞታል።

ጥቅምት ገብቷል። ዝናቡ ካባራ ወዲህ የዳንግላ ሜዳ ሁሉ ሣር ነው፤ ሣሩም አብቧል። ነፋስ በነካው ቁጥር ከላዩ ላይ እንደ ዱቄት የላመ ነገር ብን ይላል። ሌላው ሰው ዓመቱን ሙሉ የሚጠብቀው ይህን ሰሞን ነው። በነየምሥራች ቤት ግን መስኮት የሚዘጋበት ሰሞን ነው።

«እንግዲህ ስሙ» አሉ መምህር ቢሻው፣ እጃቸው ላይ የቀረውን ጠመኔ እያራገፉ። የክፍሉ ኃላፊ እሳቸው ናቸው። «ነገ የግቢው ሣር ይታጨዳል። ሁላችሁም ማጭድ ይዛችሁ ትመጣላችሁ። የሌለው ከጎረቤት ይዋስ። ራሴን፣ ወገቤን፣ ሆዴን የሚል ሰው አልሰማም። አምና ሣር ሲታጨድ ግማሹ ክፍል ታሞ ነበር፤ ሣሩ ሲያልቅ ሁሉም ዳነ።»

ልጆቹ እንደገና ሳቁ። የምሥራች ቀና ብላ በመስኮቱ አየች። ሣሩ ከአጥሩ እስከ ባንዲራው ድረስ ቆሟል።

አምና፣ በቀድሞው ትምህርት ቤቷ ስምንተኛ ክፍል ሳለች፣ እሷም ከሰው ጋር አጭዳ ነበር። ከሰዓት በኋላ ዓይኗ አብጦ ተከደነ፤ ደረቷ ያፏጭ ጀመር። ጎረቤታቸው እትዬ እናትነሽ «ምች ነው፣ ሌላ አይደለም» ብለው ዳማከሴ ጨምቀው በአፍንጫዋ አንጠባጠቡላት። ባሰባት። ጤና ጣቢያ ስትወሰድ ያየቻት ሐኪም «ምችም ብርድም አይደለም» አለች። «የሣሩ አበባ ብናኝ ነው። አለርጂ ይባላል። በዚህ ሰሞን ከሣር ራቂ።» በጥቅምት ወር ዳንግላ ውስጥ ከሣር የሚራቀው ወዴት ሄዶ እንደሆነ ግን አልነገረቻትም። ያዘዘችላት ክኒን ማስነጠሱን ያስታግሳል፤ ነገር ግን እንቅልፍ ይጥላል። ስለዚህ የምሥራች የምትውጠው ማታ ማታ ብቻ ነው።

በእረፍት ሰዓት ከፀጋነሽ ጋር በረንዳው ጥግ ላይ ቆሙ። ፀጋነሽ አጠገቧ የምትቀመጥ ጓደኛዋ ናት። በቤተ ክርስቲያናቸው መዘምራን መካከል ድምፅዋ ከሩቅ ይለያል፤ ነገር ተነግሮ ሳያልቅ ተነሥታ የምትሄድ ልጅ ናት።

«ሄደሽ ንገሪያቸዋ» አለቻት።

«ምን ብዬ? አበባ አመመኝ ልበል? ዓመቱን ሙሉ ሙድ ይይዙብኛል።»

«አስም ነው በያቸው።»

«አስም አይደለማ።»

«ቲቢ በያቸው።»

«ከዚያ ማን አጠገቤ ይቀመጣል?»

«እኔ አለሁ። ወንበሩም ለሁለታችን ይሰፋናል።» ፀጋነሽ በራሷ ቀልድ ሳቀች። ከዚያ የጓደኛዋን ፊት አየችና ሳቋን ተወች። «ቆይ፣ መጣሁ።»

የምሥራች ልትጠራት ስትል አስነጠሳት። ቀና ስትል ፀጋነሽ የመምህራኑ ክፍል በር ላይ ደርሳለች።

ደወሉ ሳይደወል እየሮጠች ተመለሰች።

«አለቀ! ነገ ማጭድ አያስፈልግሽም።»

«ምን አልሻቸው?»

«እኔ ምንም ሳልል እሳቸው ናቸው የጠየቁኝ። ‹የምሥራች ሰሞኑን ምን ሆና ነው የምታለቅሰው?› አሉኝ። እኔ ደግሞ...» ድምፅዋን ቀነሰች። «የአባቷ ሙት ዓመት ነው አልኳቸው።»

«ሙት ዓመቱ የካቲት ነው።»

«እሳቸው የት ያውቃሉ?»

የምሥራች ወደ መምህራኑ ክፍል በር አየች። አባቷ የሞተው ካቻምና ነው። በቀብሩ ቀን አላለቀሰችም። ሴቶቹ እርስ በርሳቸው «ደንግጣ ነው፣ በኋላ ይወጣላታል» ሲባባሉ ሰምታለች። በኋላም አላለቀሰችም። አሁን ከጠዋት እስከ ማታ የሚፈሰው እንባ የሣር ነው።

ወደ ክፍል ሲመለሱ መምህር ቢሻው በወንበሯ አጠገብ ሲያልፉ ቆም አሉ። «እግዜር ያጽናሽ፣ ልጄ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ቀድመሽ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት? ነገ ከጥላ እንዳትወጪ።»

ድምፃቸው ዝቅ ቢልም ሁሉም ሰማ። ናታን ከኋላ ተነሥቶ መጣና ያልተከፈተ ሶፍት ጠረጴዛዋ ላይ አኖረ። «አላወቅኩም ነበር። ይቅርታ» አለ። ያን ቀን ከዚያ በኋላ ስታስነጥስ የቀለደባት የለም። «ይማርሽ» ያሏትም በቀስታ፣ እንደ ትልቅ ሰው ነበር። እርሳስ ሲወድቅባት ከፊት ያለችው ልጅ አነሣችላት። በመስኮቱ በኩል የተቀመጠው ልጅ ሳትጠይቀው ዘጋላት። የምሥራች ከመስከረም ወዲህ እንዲህ ተመችቷት አያውቅም።

ከመውጫ ሰዓት በፊት የክፍሉ አለቃ ክብረት ተነሣ። «ነገ አጨዳው ሲያልቅ እንዳትበተኑ» አለ። «ከቲቸር ቢሻው ጋር ተነጋግረናል። ሁላችንም የምሥራች ቤት ሄደን እናቷን እናጽናናለን።»

ማንም አልተቃወመም። ሐዘን ያገኘው ተማሪ ቤት ክፍሉ በሙሉ ይሄዳል፤ የቀረ ልጅ ስሙ ለወራት ይነሣል።

ፀጋነሽ በጠረጴዛው ስር የየምሥራችን እጅ ያዘች። «ይሄን አላሰብኩትም» አለች በሹክሹክታ። «ችግር የለም። እናቷ እንጅባራ ሄዳለች እንላለን።»

* * *

ቤት ስትደርስ ጫማዋን በረንዳው ላይ አወለቀች፤ ሻርፗን ከበሩ ራቅ ብላ አራገፈች፤ ፊቷንና ጸጉሯን ታጠበች። ከዚያ በኋላ ነው የሚገባው። ልብስ የሚሰጣው ሳሎን ውስጥ በተወጠረ ገመድ ላይ ነው። ይህን ሁሉ ሥርዓት ያወጣችው እናቷ ውብአየሁ ናት፤ አንድ ቀን ከሥራ ገመድና ሚስማር ይዛ መጣች፣ ስለ ምክንያቱም ብዙ አልተናገረችም።

ውብአየሁ ስለ ምንም ነገር ብዙ አትናገርም። ከአርባው በኋላ ሰው መጥቶ «እንዴት ከረምሽ?» ሲላት «ደህና» ብላ ወሬውን ወደ ሰውየው ልጆች ትመልሰዋለች። አንድ ጊዜ እትዬ እናትነሽ የአባቷን ስም አንሥተው ሳግ ሲይዛቸው፣ እናቷ ተነሥታ የተጠረገውን ወለል እንደገና ጠርጋለች።

የምሥራች በገመዱ ላይ ከተሰጣው አንሶላ ሥር ተቀምጣ የነገውን አሰበች። ክፍሉ በሙሉ በዚህ በር ይገባል፤ አንገቱን ደፍቶ፣ ማጭዱን በረንዳ ላይ ደርድሮ። እናቷ ምን እንደምታደርግ አልጠፋትም። ወንበር ታቀርባለች። «ኑ፣ ግቡ» ትላለች። «ሙት ዓመቱ ዛሬ አይደለም» ብላ ልጇን በሰው ፊት አታሳፍራትም። ተቀምጣ ሁሉንም ትሰማለች። ከሄዱ በኋላም አንድ ቃል አትናገርም።

«እማዬ» አለች።

«እ?»

«ነገ የሣር አጨዳ ነው።»

«ሰምቻለሁ። ነገርሻቸው?»

«ገና ነኝ።»

እናቷ ቀረብ ብላ አገጯን በጣቷ ቀና አደረገችና አፍንጫዋን አየች። ቆዳው ተልጧል። ወደ መኝታ ቤት ገባች። የሣጥን ክዳን ሲከፈት ተሰማ። ያ ሣጥን ከካቻምና ወዲህ ሲከፈት የምሥራች ሰምታ አታውቅም።

ስትመለስ በእጇ ነጭ መሐረብ ይዛለች፤ ዳሩ ላይ ሰማያዊ መስመር አለው፤ የካውያው እጥፋት እንዳለ ነው።

«የአባዬ ነው።»

«መሐረብ ነው» አለች እናቷ። «ሶፍቱ ልጦሻል። ይሄ ይለሰልሳል። ማታ ማታ እጠቢው፣ ውጭ እንዳታሰጪው።»

ተመልሳ ወደ መኝታ ቤት ገባች። በሩ አልተዘጋም። የምሥራች ገርበብ ባለው በር በኩል አየቻት፤ ጀርባዋን ሰጥታ፣ እጇን ሣጥኑ ክዳን ላይ አድርጋ ቆማለች። ክዳኑ ተዘግቷል። እናቷ ግን ቶሎ አልተመለሰችም።

ያን ማታ የምሥራች ክኒኑን አልዋጠችም። ድብታው እስከ ጠዋት ይቆያል፤ በማግስቱ ስትናገር ምላሷ እንዲተኛባት አልፈለገችም።

* * *

ጠዋት ጤዛው ሳይደርቅ የጋሪ ባለቤቶች ትምህርት ቤቱ በር ላይ ተሰልፈው ነበር፤ የታጨደውን ለፈረሶቻቸው ይጭናሉ። ልጆቹ ማጭዳቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ባንዲራው ሥር ቆመዋል። የምሥራች መሐረቡን አፍንጫዋ ላይ አስራ ገባች።

ፀጋነሽ ከሰልፉ ወጥታ ወደ እሷ ሮጠች። «ምን ልትሠሪ መጣሽ? እቤትሽ ተኝተሽ አትውይም? እኔ እናቷ እንጅባራ ሄዳለች ልላቸው ነበር።»

«አትበያቸው።»

«ልትነግሪያቸው ነው?» ፀጋነሽ ወደ መምህሩ አየች፤ ከዚያ ወደ እሷ። «በእኔ ላይ ነው የሚመጣው እኮ!»

«ስምሽን አላነሣም።»

መምህር ቢሻው ሥራውን በመስመር እያካፈሉ ነበር። ሲያዩዋት እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። የምሥራች ድምፅዋ እንዲሰማ መሐረቡን ወደ አንገቷ ዝቅ አደረገች። የሣሩ ሽታ ወዲያው አፍንጫዋ ውስጥ ገባ።

«ቲቸር፣ የአባቴ ሙት ዓመት የካቲት ነው። አሁን አይደለም።»

እጃቸው ከደረታቸው ወረደ። «ታዲያ ለቅሶሽ?»

«አላለቀስኩም። የሣሩ አበባ ነው። ዓይኔንም አፍንጫዬንም እንዲህ ያደርገዋል። ሐኪም አይታኛለች። ማጨድ አልችልም፤ ክፍሉን ግን ማጠብ እችላለሁ።»

«አበባ?» አለ ከሰልፉ አንድ ድምፅ። ሳቁ ከወዲያኛው ጫፍ ጀምሮ መጣ።

«ዝም በሉ!» መምህር ቢሻው ወደ እሷ ዞሩ። ፊታቸው የትናንቱ አልነበረም። «ትናንት እግዜር ያጽናሽ ስልሽ ለምን ዝም አልሽ?»

የምሥራች አሰበች። «ከዚያ በኋላ ማንም ስላልሳቀብኝ ነው» አለች።

መምህሩ ቆሞ ወደሚጠብቃቸው ሰልፍ አዩ። «ባልዲና መጥረጊያው ጽሕፈት ቤት ነው» አሉ በመጨረሻ። «ሰኞ ጠዋት ደግሞ ትፈልጊኛለሽ።»

«እሺ፣ ቲቸር።»

«እና ዛሬ እናትሽ ጋ አንሄድም ማለት ነው?» አለ ክብረት፣ ግራ ተጋብቶ።

«ዛሬ አይደለም» አለች። ልትሄድ ዞራ ነበር፤ ቆመች። «የካቲት ሲደርስ እናቴን እጠይቃታለሁ። እሺ ካለች እነግራችኋለሁ።»

ከዚያ አስነጠሳት፤ ደጋግሞ።  ሁሉም ወደ ናታን ያያል።

«ይቅርታዬን አንሥቻለሁ» አለ ናታን። «ሶፍቴም ይመለስልኝ።» ሳቁ እስኪያልቅ ጠብቆ ጨመረ፤ «ይማርሽ።»

«ያኑርህ» አለች የምሥራች።

ባልዲውን ሞልታ ክፍል ገባች። ማጭዶቹ ሥራ ሲጀምሩ መስኮቶቹን አንድ በአንድ ዘጋች። የመጨረሻው ጋ ስትደርስ ፀጋነሽን አየቻት። ከሌሎቹ ተነጥላ፣ ማጭዷን መሬት አስቀምጣ፣ መምህር ቢሻው ፊት አንገቷን ደፍታ ቆማለች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ምን እንደምትል ለመስማት መስኮቱን መክፈት ነበረባት።

የምሥራች መቀርቀሪያውን ወደ ቦታው መለሰችው። እርጥቡን መሐረብ አጣጥፋ ኪሷ ውስጥ ከተተችና ባልዲውን ወደ መጀመሪያው ወንበር ጎተተች።