ተገልብጦ የተቀመጠው ዳቦ

አንሴልም ሩቪዬ ምሳ ገበታው ላይ እንደተደፋ ሞቶ ተገኘ። የሾርባው ሳህን ባዶ ነው። ብርጭቆው ወድቆ ወይን ጠጁ ጠረጴዛውን አርሶታል። ከፊቱ ያልተቆረሰ ክብ ዳቦ ተገልብጦ ተቀምጧል። ሐኪሙ የአይጥ መርዝ መሆኑን ለማወቅ ብዙ አልደከመም፤ ከሟቹ በቀር ማንም በማይነካት የወይን ጠጅ ጠርሙስ ውስጥ ተገኘ።

ግድያውን የሚመረምረው ሻምበል ቫሬን ዳቦውን አንስቶ ላዩን አየ። ያየውንም በሆዱ ያዘ።

«ማነው የገለበጠው?»

«እኔ እንጃ!» አለች ሚስቲቱ በርት። «ከንጋት ጀምሮ ወንዝ ልብስ ሳጥብ ነበር። እኛ ቤት ዳቦ አይገለበጥም፣ ሻምበል! የተገለበጠ ዳቦ የአንገት ቆራጭ፣ የሞት ፍርድ ፈጻሚው ድርሻ ነው። ድሮ ጋጋሪዎች ሌላ ሰው እንዳይነካው እንዲያ አድርገው ያስቀምጡለት ነበር።»

ከከብት ገበያ የተጠራው ታናሽ ወንድም ፊርማን እያለቀሰ፣ «እንደ ዳቦ ደግ ሰው ነበር! አገሩን ይጠይቁ» አለ።

ዳቦ ጋጋሪዋ ክሌማንስ ግን ሳቀች።

«ደግ? ምናለ ዳቦዬን ባታነሱብኝ! ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ አድርሼ ሄድኩ፤ ከዚያ ወዲያ አላየሁትም።»

ይህች ሴት አንድ ልጇን ዡልየንን ጀርመኖች በጦርነቱ መጨረሻ በጋ ረሽነውባታል። መደበቂያውን ማን እንደጠቆመ ሰባት ዓመት ሙሉ አልታወቀም።

በማግስቱ ቫሬን ሦስቱን እዚያው ጠረጴዛ ዙሪያ ሰበሰበና መሐላቸው አንድ ዳቦ ገልብጦ አስቀመጠ። በርትና ፊርማን ሊያቃኑት እኩል እጃቸውን ሰደዱ። የክሌማንስ እጅ ከጭኗ ላይ አልተነሳም።

«ፊርማን፣ ወንድምህ ሾርባ ያለ ዳቦ ይጠጣል?»

«ኧረ በጭራሽ! ዳቦ ከሌለ ቤቱን ነው የሚያምሰው።»

«ትናንት ግን ሾርባውን ጨርሶ ዳቦውን አልቆረሰም። ስለዚህ ሲበላ ዳቦው እዚህ አልነበረም። ጠረጴዛው ላይ የተደፋው ላዩ ደግሞ በሙሉ በፈሰሰው ወይን ጠጅ ርሷል፤ የመጣው ብርጭቆው ከወደቀ በኋላ ነው ማለት ነው። እትዬ ክሌማንስ፣ ጠዋት ዳቦ አላደረሱም፤ የመጡት መርዙን ሊጨምሩ ነው። ዳቦውን ያመጡት ቆይተው ነው።»

ክሌማንስ ቀና አለች።

«‹እሳቱ ዘግይቶብኛል፣ በምሳ አመጣልሃለሁ› አልኩት፤ አመነኝ። ስቆይበት ሾርባውን ያለ ዳቦ ጠጣ። ባለፈው እሁድ ሰክሮ ‹ዡልየንን የጠቆምኩት እኔ ነኝ› ብሎኝ ሲነጋ ረስቶታል። ሰባት ዓመት፣ ሻምበል! ሰባት ዓመት በነዚህ እጆቼ ጋግሬ አበላሁት! ነፍሱ ሳትወጣ ደረስኩና ዳቦውን ፊቱ ገለበጥኩለት። ‹ድርሻህ ነው› አልኩት። ገብቶታል። እያየኝ ሞተ።»

በርት ፊቷን በሽርጧ ሸፈነች። ፊርማን ወንበሩን ከጠረጴዛው አራቀ።

ሻምበሉ ዳቦውን ሊያቃና እጁን ዘረጋ።

«ይተዉት» አለችው ክሌማንስ። «አሁን የኔ ድርሻ ነው።»

ዳቦውን አቅፋ ወደ እስር ቤቱ ከሻምበሉ ፊት ፊት ወጣች።