ሁለት ወረቀት በአንድ ፖስታ

ሰኔ አሥራ ሁለት ቀን ረፋዱ ላይ፣ ሀርጌሳ ጋአን ሊባህ ሰፈር፣ ሐበሾች ተከራይተው በሚኖሩበት ግቢ ውስጥ ጅምር ቤት ሊጨርሱ የመጡ ግንበኞች ከግቢው ጓሮ የተቆፈረውን የሽንት ቤት ጉድጓድ ቆርቆሮ ገለጡና አፍንጫቸውን ይዘው ሸሹ። ከሥር የተገኘው የከባድ መኪና ሹፌሩ ገነነ ነበር። አርባ ስድስት ቀን ሙሉ ሚስቱ ስትረግመው፣ ሰፈሩም «ከሌላ ሴት ጋር ኮበለለ» ሲለው የከረመው ሰው፣ ለካ ከመኝታ ቤቱ ሠላሳ እርምጃ እንኳ አልራቀም።

ሚስቱ ሸዋርካብሽ የዚያኑ ዕለት ታሰረች። ማን ይታሰር ታዲያ? ሸዋርካብሽ ቀኑን 26 ጁን በሚባለው ሰፈር በሰው ቤት ስትሠራ ትውልና ስትገባ የባሏን ሸሚዝ ታሸታለች፣ ስልኩን ትበረብራለች፣ ሲያዛጋ እንኳ «የት አምሽተህ ነው?» ትላለች። «አንድ ቀን ገድዬህ እገላገላለሁ!» ስትል ያልሰማ ጎረቤት የለም።

መርማሪዋ ኢንስፔክተር ኢልዋድ ግን ነገሩ አልተዋጠላትም። ጅጅጋ ከቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር ያደገች፣ አማርኛዋ ከሐበሾቹ የማያንስ ሴት ናት። ቅናትንም ቢሆን በወሬ አይደለም የምታውቀው፤ ባሏ ቦረማ ላይ ሁለተኛ ካገባ ሦስት ዓመቱ ነው። አለቃዋ ባሬ «መዝገቡ ቅዳሜ ለዐቃቤ ሕግ ይሄዳል» ብሏታል። የቀራት ሁለት ቀን ነበር።

«መጨረሻ ያየሽው መቼ ነው?» አለቻት፣ እስር ቤቱ ወለል ላይ አጠገቧ ቁጭ ብላ።

«ሚያዝያ ሃያ ሰባት፣ የመድኃኔዓለም ዕለት። በሦስተኛው ቀን ከስልኩ መልእክት መጣልኝ። ሌላ ኑሮ ጀምሬያለሁ፣ አትፈልጊኝ ይላል።»

«ከማን ጋር ሄደ ብለሽ አሰብሽ?»

«ከማን ይሆናል! ከአምለሰት ነዋ! ግቢያችን ውስጥ ካለው ምግብ ቤቷ በልቶ ይመጣና የኔን ወጥ ጨው በዛው ይላል። እሷ ከግቢው ሳትንቀሳቀስ ሳይ ግን ሌላም አለችው ማለት ነው ብዬ ተቃጠልኩ።»

«ገደልሽው?»

ሸዋርካብሽ ትክ ብላ አየቻት። «እንዲመለስልኝ ነው ስለምን የከረምኩት። እህቴ፣ አንድ ነገር ልለምንሽ። ጅጅጋ ላሉት አባ ደውዪልኝ። በሰላም እንዲመለስ ብዬ ስሙን ልኬ ነበር። አሁን የሚያስፈልገው ፍትሐት ነው።»

የሀርጌሳ ኦርቶዶክሶች የሚጸለይለትን ሰው ስም በወረቀት ይጽፉና በአንድ ፖስታ ሰብስበው ጅጅጋ ለሚሄድ ሹፌር እንደሚሰጡ ኢልዋድ ታውቃለች። «ክርስትና ስሙን ንገሪኛ፤ አለዚያ አይፈቱትም» አለች።

ሸዋርካብሽ አንገቷን ደፋች። «አላውቀውም። በተጋባን ሰሞን ተናድጄ፣ ደብተራ ዘንድ ሄጄ በስምህ አስደግምብሃለሁ ብዬው ነበር። ከዚያ ወዲህ ደበቀኝ። ስድስት ዓመት ሙሉ!»

ኢልዋድ ቢሮዋ ገብታ ለቄሱ ደወለች።

«ገነነ የሚል ወረቀት ደርሶኛል ልጄ» አሉ አባ። «ክርስትና ስሙን ላኩልኝ ብዬ መለስኩ እንጂ አልጸለይኩለትም። ከዚያ ፖስታ ፍትሐት ያደረስኩት ለአንድ ሰው ብቻ ነው።»

«የዚያን ሰው ወረቀት ፎቶ ይላኩልኛል አባ?»

ፎቶው ሲደርስ ደጋግማ አየችው። ወዲያው አገር ቤት ላሉት የገነነ እናት ደወለችና አንዲት ጥያቄ ጠየቀቻቸው። አሮጊቷ እያለቀሱ መለሱላት።

ከሰዓት በኋላ ወደ ግቢው ሄደች። የገነነ ረዳት የነበረው ፍራኦል የመኪናውን ጎማ ያያል። ጓደኛው በተገኘ ማግስት መሪውን የያዘ ሰው ነው፣ እፍረት የሚባል አልፈጠረበትም።

«ትቀናበት ነበር?»

«መሪው ላይ? እንዴታ! አራት ዓመት ሙሉ ከጎኑ ተቀምጬ መንገድ ስቆጥር!»

«ፍትሐት አላስደረስክለትም?»

«እኔ ጴንጤ ነኝ ኢንስፔክተር። ለሞተ ሰው አንጸልይም። ስጸልይ እየሰማ ይስቅብኝ የነበረው እሱ ነው፣ እንዲያውም በዚህ ነበር የምንጣላው።» መኪናው ውስጥ ጠርዙ የተላላጠ የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ ነበር።

አምለሰት ምግብ ቤቷ ሽንኩርት ትከትፋለች። ቀና ስትል ሻሿ ሸተት አለ። ፀጉሯ በአጭሩ ተቆርጦ፣ አንድ ጣት ያህል አድጓል።

«ፀጉርሽን ምነው?»

«ለሙቀቱ ነው። ግንቦት መግቢያ ላይ ነው የተቆረጥኩት።»

«ገነነ ምንሽ ነበር?»

«ደንበኛዬ ነዋ። ሌላ ምን ይሆነኛል?»

«ክርስትና ስሙን ታውቂዋለሽ?»

ቢላዋው ቆም አለ። «ምን አውቄ! ሚስቱን አትጠይቂም?» ሚስቱን ስትል ከንፈሯ ጠመም ማለቱን ኢልዋድ አየች። እንዲህ ያለውን ከንፈር በገዛ መስታወቷ አይታዋለች።

ዓርብ ከሶላት በኋላ ሁሉንም እዚያው ምግብ ቤት ሰበሰበቻቸው። ሸዋርካብሽ እጇ በካቴና ታስሮ መጣች። ባሬ በሩ ላይ ቆመ።

ኢልዋድ ስልኳን አውጥታ ፎቶውን ከፈተች። «ከዚህ ግቢ በአንድ ፖስታ ስለ አንድ ሰው ሁለት ወረቀት ሄዷል። አንደኛው ገነነ በሰላም እንዲመለስ ይላል። ይኸኛው ደግሞ ለአንድ ነፍስ የአርባ ፍትሐት ይለምናል። ስሙን እናቱ አረጋግጠውልኛል፣ የገነነ ክርስትና ስም ነው። አርባው ሰኔ ስድስት ነው ይላል፤ ሬሳው የተገኘው ከዚያ በኋላ በስድስተኛው ቀን ነው።»

ፍራኦል በቀስታ ተቀመጠ።

«መሞቱን ማንም ሳያውቅ ይህ ሰው አርባውን ቆጥሯል። ከሰኔ ስድስት ወደ ኋላ ቁጠሩ፤ ሚያዝያ ሃያ ሰባት ላይ ያደርሳችኋል። ስለዚህ በሦስተኛው ቀን መልእክት የላከው ሟች አይደለም። ፍራኦል አይሆንም፤ ሊገድል ይችል ይሆናል፣ ፍትሐት ግን አያስደርስም። ሸዋርካብሽም አይደለችም፤ ስሙን ብታውቀው ኖሮ ያ ወረቀቷ አይመለስም ነበር። ታዲያ ሬሳው ሳይገኝ ግንቦት ላይ ፀጉሯን ለሐዘን የተቆረጠችው ማን ናት?»

አምለሰት ሻሿን አጠበቀች። «ፀጉር ተቆረጥኩ ተብሎ ይፈረድብኛል?»

«አይፈረድብሽም» አለች ኢልዋድ በእርጋታ። ወደ ሸዋርካብሽ ዞረች። «እስኪ ነይ፣ የባልሽን ስም ላንብብልሽ።»

«አታንብቢላት!» አምለሰት ከመቀመጫዋ ዘላ ተነሣች። «ለኔ ነው የነገረኝ! ትዳሩ የሷ፣ ቤቱ የሷ፣ ስሙ እንኳ የኔ ይሁን!»

አምለሰት የተናገረችው ራሷን እስኪገርማት አፏን በእጇ ያዘች፣ ከዚያ ተወችው። «ስልኩን እዚህ እኔ ጋ ቻርጅ ላይ አድርጎ ወደ ጓሮ ጠራኝ። ሸዋርካብሽን ይዤ በርበራ ልገባ ነው አለኝ። ብትቀናብኝም ሚስቴ ናት አለኝ። እኔም እኮ እቀናለሁ፣ ግን የኔን ማን አየልኝ? ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሞ ነበር። ገፋሁት። ቆርቆሮውን ከድኜ፣ በሦስተኛው ቀን በስልኩ መልእክቱን ላክሁላት። ከዚያ ደግሞ ነፍሱ ሜዳ ላይ ትቅር ብዬ ልተወው?»

ባሬ ካቴናውን ከአንዷ እጅ ፈትቶ ለሌላዋ አሰረ። ሸዋርካብሽ አልጮኸችም፣ አልተሳደበችም። ዓይኗ ከአምለሰት ላይ አልተነሣም።

«ላንቺ ነገረሽ?» አለች ብቻ።



አምለሰትን ሲወስዷት ሸዋርካብሽ ከኢልዋድ ወረቀትና እስክሪብቶ ለመነች። ፎቶው ያለበትን ስልክ ጠረጴዛው ላይ አስደግፋ፣ የዚያችን ሴት ጽሑፍ ፊደል በፊደል እያየች በራሷ እጅ ጻፈች፦ «ለባለቤቴ ለወልደ ሰንበት።» ከዚያም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ባሏን በስሙ ጠራችው።