ሣሩን ማን አወጣው?

የአቶ አየነው ሬሳ የተገኘው በችግኝ ማፍያቸው ጥግ፣ ሣርና መሣሪያ በሚያስቀምጡባት ትንሽ ቤት ውስጥ ነው። ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ በርጩማቸው ላይ ሆነው ወደ ግድግዳው ዘንበል እንዳሉ ቀርተዋል። ከእግራቸው ሥር የጠፋ የከሰል ምድጃ አለ። ሐኪሙ የከሰል ጭስ አፍኗቸው እንደሞቱ ሲናገር ብዙ አላመነታም። በአዲስ ቅዳም ዙሪያ ደግሞ ከሰል ሰው እንደሚያፍን የማያውቅ የለም። ነገሩን የፖሊስ ጉዳይ ያደረገው በሩ ነው፤ ከውጭ በችካል ተቀርቅሮ ተገኘ።

ኢንስፔክተር ምህረቴ ከእንጅባራ ተጠርቶ ሲደርስ ገዳይ ተብዬው አስቀድሞ ተይዟል። የችግኝ ነጋዴው ሰላሁዲን ነው። በዋዜማው ሊመሽ ሲል ከሟቹ ጋር ሲጨቃጨቅ መንገደኛው ሁሉ ሰምቶታል። እሱ ችግኙን ዛሬውኑ ካልወሰድኩ ሲል፣ እሳቸው ገና ለጋ ነው፣ ብርዱ ሳይወጣ አልሰጥም ብለው ድርቅ አሉ። ከዚያ ሚኒባስ ተሳፍሮ ሄደ። ሰው ሁሉ በሩን ቀርቅሮ ነው የሄደው ብሎ ጨርሷል። ሰው ለመፍረድ እንዲህ የሚቸኩለው የሚታሰረው ሌላ ሰው ሲሆን ነው።

ምህረቴ ግን አልቸኮለም። ቆሰበር ካለው ቤቱ ጓሮ ያለማትን ጎመን ውርጭ በአንድ ሌሊት ስላቃጠለበት፣ ከዚያ ወዲህ ሰማይ ሳያይ የማይተኛ ሰው ሆኗል። ስለዚህ ሬሳውን ካየ በኋላ ወደ ችግኝ መደቦቹ ሄደ። ሁሉም በደረቅ ሣር ተሸፍነዋል። ከላይ ሣሩ ላይ ውርጩ ነጭ ሆኖ ተጋግሯል፤ ገለጥ ሲያደርገው የአፕል ችግኙ አረንጓዴ ነው። ለከሰል የተከሉትን የዲከረንስ ዛፍ በሽታ ከጨረሰው ወዲህ ይህ ቤተሰብ ከዚህ በቀር ተስፋ አልነበረውም።

ባለቤታቸው ወርቅአየሁ አንድ ልጇን አሸናፊን እጁን ይዛ ተቀምጣለች።

«እትዬ፣ ትናንት ማታ ሰማዩ እንዴት ነበር?» አላት።

በሐዘን ቤት ስለ ሰማይ የሚጠይቅ ሰው ገርሟት ቀና ብላ አየችው። «ሲመሽ ደመና ነበር። ከራት በኋላ ጠራ።»

«ደመና ሳለ ችግኙን ይሸፍኑታል?»

«ለምን ብሎ? ደመና ካለ ውርጭ የለም። ሣሩ ለጋውን ቀንበጥ ይሰብርበታል። የሚፈራው ሰማዩ ጠርቶ ነፋሱም ጸጥ ሲል ነው። እስኪለይለት እዚያች ቤት ቁጭ ብሎ ይጠብቃል።»

«ምድጃ አንድዶ፣ በሩን ዘግቶ?»

«ኧረ አይዘጋም። በድንጋይ አስይዞ ገርበብ ያደርገዋል። ሰማዩን ያይበታል፣ ጭሱም ይወጣለታል።»

ድንጋዩን ምህረቴ አይቶታል፤ ወደ ጎን ተገፍቷል።

ጎረቤታቸው ክንዴ ሟቹን እንደማይወዳቸው ራሱ ተናገረ። ከብቶቹ ገብተው የችግኝ መሸፈኛውን ሣር እየበሉ ስንት ጊዜ ተጣልተዋል። ያ ችካልም የመጣው በእሱ ከብቶች ምክንያት እንደሆነ አልደበቀም፤ ሣር ያወጣ ሰው ሁሉ በሩን ሳይቀረቅር አይሄድም ነበር። አሸናፊ ደግሞ ከቀትር በኋላ ወደ ማፍያው ዝር እንዳላለ፣ ራቱን በልቶ እንደተኛ ተናገረ። ይህን ሲል የሹራቡን እጅጌ ይነካካ ነበር።

ምህረቴ ሁሉንም መደቦቹ አጠገብ ሰበሰባቸው። ሰላሁዲንንም አስመጣው።

«አቶ ሰላሁዲን የሄዱት ደመና ሳለ ነው» ሲል ጀመረ። «ያን ጊዜ ችግኝ የሚሸፍን የለም። እነዚህ መደቦች የተሸፈኑት ሰማዩ ከጠራ በኋላ ነው። ሣሩ የነበረው ደግሞ እዚያች ቤት ውስጥ ነው። አቶ ሰላሁዲን በሩን ቀርቅረው ከሄዱ ሣሩን ማን አወጣው?»

«ራሳቸው አየነው ይሆናሉ፤ በኋላ ነው የተቀረቀረባቸው» አለ ክንዴ።

«ይህ ሣር ጭጎጎት የበዛበት ነው፤ የነካ ሰው ልብስ ላይ ይጣበቃል። የአቶ አየነው ጋቢ ላይ አንድም የለም። ሣሩን ያወጣው ሌላ ሰው ነው። አንተ ነህ እንዳይባል ለእነዚህ ችግኞች ያለህን ፍቅር ሁላችንም ሰምተናል። ያ ሰው ውርጭ የሚፈራ፣ በሩንም ሣር ባወጣ ቁጥር መቀርቀር የለመደ ነው።» ወደ አሸናፊ ዞረ። «እጅጌህ ላይ ያለውን ከየት አመጣኸው?»

አሸናፊ ለመካድ እንኳ አልሞከረም።

«ሰማዩ ሲጠራ ሮጥኩ» አለ። «ተኝቶ አገኘሁት። ስንት ሌሊት ቁጭ ብሎ ሲያነጋ ከርሞ ነው፤ አሳዘነኝና አልቀሰቀስኩትም። ሣሩን ቀስ ብዬ አወጣሁ፣ ሸፈንኩ፣ በሩንም ዘጋሁ። እጄ ነው የዘጋው፣ እንደለመደው። ምድጃው ትዝ አላለኝም።»

«አቶ ሰላሁዲን ሲታሰሩስ?»

«ዝም አልኩ። እናቴ ሌላ ሰው የላትም።»

ሰላሁዲን የተፈታ እጁን እያሻሸ መሬት መሬቱን ያያል። አዝኗል፤ ግን ለማን እንደሚያዝን አልለየለትም። ወርቅአየሁ የልጇን እጅ አሁንም እንደያዘች ናት፤ እንዲያውም አጥብቃዋለች።

አሸናፊ ወደ ኢንስፔክተሩ ቀረብ አለ። «እኔ ስዘጋው ግን ሞቶ ነበር፤ አይደል እንዴ? ድምፁን አልሰማሁም። ቀድሞ ሞቶ ነው፣ አይደል?»

ምህረቴ በሥራ ዘመኑ መዋሸትን እንደዚያን ዕለት ተመኝቶ አያውቅም። ሐሰት ፈለገ፤ አላገኘም። እናትየው ስለ ድንጋዩ ራሷ ነግራዋለች፤ እያየችውም ነው።

«በሩ ገርበብ እስካለ ድረስ ጭሱ ይወጣ ነበር» አለ።

ወርቅአየሁ የልጇን እጅ ለቀቀች።